በመጫወቻ ኬሚስትሪን ማስተማር፦ ተማሪዎቼ ተደሰቱ፣ ነገሩን ግን አልተረዱትም

መምህር ከደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ።

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉኝ፤ ቤተ ሙከራ ተብሎ የተሠራው ክፍል ግን ከጥቂት የመስታወት ቱቦዎችና የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ካለፈባቸው ኬሚካሎች በቀር የረባ ነገር የለውም። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከገበያ የሚገኙ መጫወቻዎችን ወደ ክፍል ይዤ እየገባሁ የትምህርቱን መሠረታዊ ሐሳቦች በእነሱ ለማሳየት እየሞከርኩ ነው። ልጆቹ ሲደሰቱ ማየት ለእኔም ትልቅ ብርታት ሆኖኛል። ሆኖም ባለፈው ወር ያጋጠመኝ ነገር ስላሳሰበኝ ምክራችሁን ለመጠየቅ ተገድጃለሁ።

ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሪአክሽን ፍጥነት ከሙቀት ጋር ያለውን ግንኙነት ለማሳየት፣ ለሠርግና ለበዓል የሚሸጡትን፣ ሲታጠፉ የሚያበሩትን አምባሮች ገዛሁ። መስኮቶቹን በጋቢ ጋረድንና ሦስት አምባሮችን አጥፌ አንዱን በረዶ ባለበት ውሃ፣ ሁለተኛውን በተራ ውሃ፣ ሦስተኛውን በሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩ። በሙቅ ውሃ ያለው ቦግ ብሎ ሲበራ፣ በበረዶው ያለው ሲደበዝዝ ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም ትምህርቱ ገብቷቸዋል ብዬ ወደ ሚቀጥለው ርእስ ተሻገርኩ።

በሳምንቱ በሰጠሁት አጭር ፈተና “በበረዶ ውሃ ውስጥ የነበረው ለምን ደበዘዘ?” ብዬ ስጠይቅ ከግማሽ የሚበልጡት “ቅዝቃዜ ብርሃኑን ስለሚያጠፋው” ብለው መለሱ። ጥቂቶች “ባትሪው በቅዝቃዜ ስለደከመ” አሉ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ሳትቀር “ሙቁ ውሃ ለአምባሩ የሰጠው ሙቀት ወደ ብርሃን ስለተለወጠ ነው” ብላ ጻፈች። ስለ ሞለኪውሎች ግጭት የጻፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያን ዕለት ያሳየኋቸው ኬሚስትሪ ሳይሆን ትርኢት እንደነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። መጫወቻን ይዘን ስንገባ ደስታው ወደ መረዳት እንዲሸጋገር ምን ማድረግ ይገባናል? ከእነዚህ አምባሮች ሌላ በአነስተኛ ወጪ ተገኝተው የኬሚስትሪን ሐሳብ ሳያዛቡ የሚያሳዩ መጫወቻዎች የትኞቹ ናቸው? ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ካሉም ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ነባር መምህር፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ መምህር።

በዚህ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ እርስዎ የገለጹት ነገርም በእኔ ላይ ደጋግሞ ደርሷል። በእኔ እምነት ጉድለቱ በአምባሩ ላይ አይደለም። ተማሪዎቹ አንድ ነገር አዩ፤ ላዩት ነገር ግን ከአንድ በላይ ማብራሪያ ሊሰጠው ይችል ነበር። “ቅዝቃዜ ብርሃንን ያጠፋል” ያለው ልጅ ዓይኑ ካየው ጋር የማይጋጭ ነገር ነው የጻፈው። “ሙቀቱ ወደ ብርሃን ተለወጠ” ያለችው ልጅም እንዲሁ፤ እንዲያውም የእሷ መልስ ያሰበች ልጅ መልስ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። እርስዎ ያሳዩት ሙከራ የልጆቹን የተሳሳተ ሐሳብ የሚያፈርስ አንድም ነገር አልነበረበትም። ስለዚህ ሙከራውን አይጣሉት፤ ሦስት ነገሮች ይጨምሩበት።

የመጀመሪያው መቀያየር ነው። በበረዶ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ የቆየውን አምባር አውጥተው ወደ ሙቁ ውሃ ያስገቡት። ወዲያው ይበራል። ቅዝቃዜው ብርሃኑን አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ የጠፋ ነገር ተመልሶ ባልመጣ ነበር። እዚህ ላይ ልጆቹ ራሳቸው “ታዲያ በበረዶው ውስጥ ምን ሲያደርግ ቆየ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱም ያው ሪአክሽን በዝግታ ሲካሄድ እንደነበረ፣ የሚዋሃዱት ነገሮችም ገና እንዳላለቁ ነው።

ሁለተኛው ያልታጠፈ አምባር ነው። አንድ አምባር ሳይታጠፍ እንዳለ ወደ ሙቁ ውሃ ያስገቡና ልጆቹ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይገምቱ። ሙቀት ወደ ብርሃን የሚለወጥ ቢሆን ኖሮ ይኼኛውም ሊበራ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አይበራም። በውስጡ ያለችው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ስላልተሰበረች የሚዋሃዱት ሁለት ፈሳሾች አልተገናኙም። በእኔ ልምድ ከሁሉ ይልቅ ልጆችን የሚያሳምነው ይህ ሙከራ ነው፤ ዋጋውም የአንድ አምባር ዋጋ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በሙቅ ውሃ ውስጥ የቆየው አምባር ከሌሎቹ ቀድሞ ይደክማል። በማግስቱ ሦስቱንም ወደ ክፍል ይዘው ይምጡና ወደ አዲስ ሙቅ ውሃ ያስገቧቸው። በመጀመሪያው ቀን እጅግ ደማቅ የነበረው አሁን ሙቀት ቢያገኝም እንደ ቀድሞው አይበራም፤ የሚዋሃደው ነገር አልቋልና። ከበረዶው ውሃ ወጥቶ እስከዚያው ድረስ በፍሪዘር የቆየው ግን ገና ብርሃን አለው። የመምህሩ ንግግር ሳያስፈልግ ፍጥነትና መጠን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን ከነምክንያቱ በደብተሩ እንዲጽፍ ያድርጉ። በቃል ብቻ ከሆነ የጎበዞቹን ድምፅ ሰምቶ ሁሉም ይስማማል። የጻፈ ልጅ ግን የገመተውና ያየው ሲለያዩበት ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ስለ ቁጥሩም አንድ ነገር ልጨምር። በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ የሪአክሽን ፍጥነት በእጥፍ ያህል ይጨምራል የሚለውን አባባል ሁላችንም እናስተምራለን። ይህ ለብዙ ሪአክሽኖች የሚቀርብ የግምት መንገድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ጭማሪው በእያንዳንዱ ሪአክሽን አክቲቬሽን ኢነርጂ፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ ሲጋጩ ለመዋሃድ በሚያስፈልጋቸው ዝቅተኛ ኃይል፣ ይወሰናል። ስቫንተ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ሐሳብም ይኼው ነው። ልጆቹ በቁጥር እንዲሠሩ ከፈለጉ የስልክዎ የብርሃን መለኪያ በሉክስ ንባብ ይሰጥዎታል። የጫማ ካርቶን በጥቁር ወረቀት ለብጠው ስልኩንና አምባሩን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ርቀት ካስቀመጡ፣ ለ11ኛ ክፍል የሚበቃ ግራፍ ይወጣል። ውሃው ከ60 ዲግሪ እንዳይበልጥ ግን ይጠንቀቁ፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ የልጆቹም እጅ አለ።

ኬሚስት ከሜሪላንድ

የመምህሩን ጥያቄ ሳነብ የራሴ የሁለተኛ ደረጃ መምህሬ ትዝ አሉኝ፤ ከጠመኔ በቀር ምንም ሳይኖራቸው ኬሚስትሪን ያስወደዱኝ እሳቸው ናቸው። የምሠራው በኬሚካል ትንተና ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ እዚህ በማኅበረሰባችን የቅዳሜ ትምህርት ቤት ልጆችን አስተምራለሁ። ባሕር ዳር ያሉት መምህር የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ በአምባሩ ውስጥ የሚሆነውን ልግለጽና ወደ ሌላ መጫወቻ ልለፍ።

በውጭው ፕላስቲክ ውስጥ ኤስተር የተባለ የኦክሳሊክ አሲድ ውህድና ማቅለሚያ ይገኛሉ፤ በውስጠኛዋ የመስታወት ቱቦ ደግሞ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አለ። አምባሩ ሲታጠፍ ቱቦዋ ተሰብራ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ ከውህደታቸውም ብዙ ኃይል ያዘለና ለመቆየት የማይችል ንጥረ ነገር ይፈጠራል። ይህ ንጥረ ነገር ወደ ሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ሲፈርስ ኃይሉን ለማቅለሚያው ያስረክባል፤ ማቅለሚያውም የተቀበለውን ኃይል ብርሃን አድርጎ ይለቅቀዋል። ስለዚህ የብርሃኑ ምንጭ ኬሚካላዊ ኃይል ነው። የመምህሩ ጎበዝ ተማሪ የውሃው ሙቀት ምንጭ መስሏት ነበር፤ የውሃው ሙቀት የሚያደርገው ግን ሞለኪውሎቹ በበለጠ ፍጥነት እንዲጋጩና ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሚያስፈልገውን ኃይል ይዘው እንዲገናኙ መርዳት ነው። አንድ ተጨማሪ ጥያቄም ልጆቹን ይጠይቋቸው፦ አረንጓዴው፣ ሰማያዊውና ቀዩ አምባር የተለያየ ሪአክሽን ነው የሚያካሂዱት? ብዙዎቹ አዎን ይላሉ። በእውነቱ ግን መሠረታዊው ሪአክሽን አንድ ነው፤ የሚለያየው ኃይሉን የሚቀበለው ማቅለሚያ ነው። ለምሳሌ ዳይፊናይልአንትራሲን ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል።

የዚህ መጫወቻ ታሪክም ሊነገራቸው የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤድዊን ቻንድሮስ በቤል ላብራቶሪ ኦክሳሊል ክሎራይድን ከሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና ከማቅለሚያ ጋር ሲያዋህድ ብርሃን አገኘ፤ ብርሃኑ ግን ደካማ ነበር። በአሜሪካን ሳያናሚድ ኩባንያ የነበሩት ማይክል ራውኸትና ባልደረቦቻቸው ሌሎች ኤስተሮችን እየሞከሩ ለአገልግሎት የሚበቃ ድምቀት ላይ አደረሱት። ሠርግ ላይ የምናየው ነገር የብዙ ዓመታት የቤተ ሙከራ ድካም ውጤት መሆኑን ልጆቹ ቢያውቁ ደስ ይለኛል። አምባሩን ግን ቆርጠው እንዳይከፍቱት አደራ፤ በውስጡ የመስታወት ስብርባሪ አለ፣ ከሪአክሽኑም ፊኖል ወይም የእሱ ዘመዶች ይወጣሉ፣ እነዚህም ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላሉ።

ሌላው መጫወቻ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ውሃ ጠጪዋ ወፍ ናት። ማይልስ ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘባት ይህች ወፍ ሁለት የመስታወት እንክብሎች በአንድ ቱቦ ተያይዘው የተሠራች ስትሆን፣ በውስጧ አየር ወጥቶ ዳይክሎሮሜቴን የተባለ፣ በ40 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ፈሳሽ ይገኛል። ራሷ በጨርቅ ተሸፍኗል። ጨርቁ ሲርስ ውሃው ይተናል፤ ሲተንም ሙቀትን ከራሷ ይወስዳል። ራሷ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ተን ከፊሉ ወደ ፈሳሽነት ስለሚመለስ የተኑ ግፊት ይቀንሳል፤ ከታች ያለው የበለጠ ግፊት ፈሳሹን በቱቦው ወደ ላይ ይገፋዋል። ራሷ ሲከብድ ትደፋለች፣ ምንቃሯ ብርጭቆው ውስጥ ይገባል፣ የቱቦው ታችኛ ጫፍም ከፈሳሹ ስለሚወጣ የሁለቱ ወገን ግፊት ይስተካከላል፤ ፈሳሹ ወደ ታች ይመለስና ወፏ ቀና ትላለች። ይህ ሰዓታት ሙሉ ሲደጋገም ያየ ልጅ “ያለ ኃይል የሚሠራ ማሽን” ይመስለዋል።

እዚህም ላይ የባሕር ዳሩ መምህር ያሉት መንገድ ይሠራል፤ ወፏን መመልከት አይበቃም፣ መጠየቅ ያስፈልጋል። በትልቅ የመስታወት ማሰሮ ቢከድኗት ምን ትሆናለች? ልጆቹ ይገምቱ። ጥቂት ቆይቶ በማሰሮው ውስጥ ያለው አየር በውሃ ተን ይሞላል፣ ትነቱ ይገታል፣ ወፏም ትቆማለች። ክዳኑ ሲነሣ እንደገና ትጀምራለች። ኃይሏን የምታገኘው በዙሪያዋ ያለው አየር ደረቅ በመሆኑና ከአካባቢዋ ሙቀት በመቀበሏ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ቀጥሎም በራሷ ላይ በውሃ ፈንታ ጥቂት አልኮል ቢያፈስሱ ፈጥና ትደፋለች። አንድ ግራም አልኮል ሲተን የሚወስደው ሙቀት ውሃ ከሚወስደው ያነሰ ነው፤ አልኮል ግን እጅግ ፈጥኖ ስለሚተን ራሷን የበለጠ ያቀዘቅዘዋል። ይህ ለ11ኛ ክፍል የአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ውይይት ይበቃል።

መምህርት፣ ሐዋሳ

ከሜሪላንድ የጻፉልንን እኅታችንን ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁንና ያቺ ወፍ በእኛ ገበያ በቀላሉ አትገኝም፤ ብትገኝም ተሰብራ በውስጧ ያለው ፈሳሽ 60 ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ ቢፈስስ ጉዳት አለው። በእኔ ሐሳብ የትነትን ትምህርት ልጆቹ ከሚያውቁት ነገር መጀመር ይሻላል። በቆላ አገር የሚጓዙ ሹፌሮች የውሃ ጀሪካናቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሲያቀዘቅዙ ያላየ፣ ከእንስራ የተቀዳ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ያልጠየቀ ልጅ ጥቂት ነው። ሁለት ቴርሞሜትር ወስደን የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ብንጠቀልለው ወፏ የምታስተምረውን ግማሹን እናስተምራለን።

እኔ ልናገር የፈለግሁት ግን ስለ ሌላ ዓይነት መጫወቻ ነው፤ ሞለኪውልን ለመወከል ስለምንጠቀምባቸው ነገሮች። አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1865 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ባደረገው ንግግር ሞለኪውሎችን ያሳየው በሣር ሜዳ ላይ በመዶሻ እየተመታ በሚጫወቱበት የእንጨት ኳስ ነበር፤ ጨዋታው ክሮኬ ይባላል። ካርቦንን ጥቁር፣ ሃይድሮጅንን ነጭ፣ ኦክስጅንን ቀይ፣ ናይትሮጅንን ሰማያዊ፣ ክሎሪንን አረንጓዴ አድርጎ ቀባቸው። ዛሬ በመጽሐፎቻችን የምናየው የቀለም ልማድ ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን የሆፍማን ሜቴን ጠፍጣፋ ነበር፤ አራቱ ሃይድሮጅኖች እንደ መስቀል በአንድ ገጽ ላይ ተሰክተው ነበር። ካርቦን አራት እጆቹን ወደ አራት ማዕዘናት ወደ ላይም ወደ ታችም እንደሚዘረጋ ያሳየው ከ9 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1874፣ የኔዘርላንዱ ኬሚስት ቫንት ሆፍ ነው፤ እሱም በበኩሉ ከካርቶን ትንንሽ ቅርጾችን ይሠራ ነበር። መጫወቻ ምን ያህል እንደሚያስተምርና በዚያው ልክ እንዴት እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የሞለኪውልን ቅርጽ ለማሳየት እኔ የምጠቀመው ፊኛን ነው። እኩል የተነፉ ሁለት ፊኛዎችን አንገታቸው ላይ አንድ ላይ ስናስራቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይቆማሉ። ሦስት ሲሆኑ በአንድ ገጽ ላይ በሦስት አቅጣጫ ይዘረጋሉ። አራት ስናስር፣ ማንም ሳያስተካክላቸው፣ ራሳቸው በመካከላቸው 109.5 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይይዛሉ። ልጆቹ በእጃቸው ጠፍጣፋ ለማድረግ ሲታገሉና ፊኛዎቹ እምቢ ሲሏቸው፣ የሆፍማንን ሜቴን ለምን እንደተውነው በጣታቸው ይሰማቸዋል። ከዚያ ቀጥዬ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ፊኛዎቹ የሚገፋፉት ለምንድን ነው፣ በፊኛዎቹ የወከልናቸው የኤሌክትሮን ጥንዶችስ? ፊኛ የሚገፋው ቦታ ስለጠበበውና አካሉ ስለሚነካካ ነው፤ የኤሌክትሮን ጥንዶች ግን በተመሳሳይ ቻርጃቸውና በኳንተም ባሕርያቸው ምክንያት ይራራቃሉ። ይህን ልዩነት ካልነገርናቸው ልጆቹ አቶም በጎማ የተሠራ መስሏቸው ይቀራሉ።

ለስቶይኪዮሜትሪ፣ ማለትም በሪአክሽን ውስጥ ለሚገቡና ለሚወጡ ነገሮች መጠን ስሌት፣ ደግሞ ከቆርኪ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ሁሉም ልጅ ሲጫወትበት ያደገ ነገር ነው፣ ከየሱቁ በነፃ ይሰበሰባል። አንድ ዓይነት ቆርኪ ለሃይድሮጅን፣ ሌላ ዓይነት ለኦክስጅን መድቤ፣ በጥንድ በጥንድ እያጣበቅሁ ለእያንዳንዱ ቡድን 10 የሃይድሮጅንና 4 የኦክስጅን ሞለኪውሎች እሰጣለሁ። ውሃ ሥሩ ስላቸው 8 ሞለኪውል ሠርተው 2 የሃይድሮጅን ሞለኪውሎች በእጃቸው ይቀራሉ። ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው እንደሆነና ምርቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ሁሉንም ከሥራው በፊትና በኋላ በሚዛን ስንመዝን ክብደቱ አይለወጥም። አንድ እርማት ግን ግድ ይላል፤ ቆርኪዎቹ እኩል ስለሚመዝኑ ኦክስጅን ከሃይድሮጅን 16 እጥፍ ያህል እንደሚከብድ ልጆቹ ይረሳሉ። ስለዚህ የኦክስጅኑን ቆርኪ በጭቃ እሞላዋለሁ፤ 16 እጥፍ ባይሆንም ልዩነቱን በእጃቸው ያውቁታል።

አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት ነውና። ልጆች ኬሚካላዊ ቦንድ ሲሰበር ኃይል ይወጣል ብለው ያምናሉ። ቆርኪም ሆነ ኳስ ይህን አያርምም። የማግኔት መጫወቻ ግን ያርመዋል፦ ሁለት ማግኔቶች ሲገናኙ ቀጭ ብለው ድምፅ ይሰጣሉ፣ ለመለያየት ግን ጉልበት ያስፈልጋል። ቦንድ ሲፈጠር ኃይል ይወጣል፣ ሲሰበር ኃይል ይጠይቃል።

ነርስ እናት

መምህር አይደለሁም፤ የሕፃናት ክፍል ነርስና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ስለ ጥንቃቄ ስለተጠየቀ ብቻ ጥቂት ልበል። ከላይ የተጠቀሱት ጠንካራ ትንንሽ ማግኔቶች በክፍል ውስጥ ተቆጥረው ተሰጥተው ተቆጥረው መመለስ አለባቸው፤ አንድ ሕፃን ከአንድ በላይ ከዋጠ በአንጀት ግድግዳ በኩል ተሳስበው አንጀትን ሊበሱ ይችላሉ። በውሃ ውስጥ የሚያብጡት ባለቀለም ኳሶችም እንዲሁ በሆድ ውስጥ አብጠው አንጀትን ይዘጋሉና፣ ትንንሽ ወንድምና እኅት ወዳሉበት ቤት ባይወሰዱ እመርጣለሁ። ከሙጫና ከቦራክስ የሚሠራውን የሚለጠጥ መጫወቻ የሠራ ልጅ እጁን ሳይታጠብ መብላት የለበትም። የሚንሳፈፍ ፊኛ በሂሊየም ይሁን በሃይድሮጅን መሞላቱን ካላወቃችሁ ደግሞ ወደ ሻማ እንዳታስጠጉት፤ ሃይድሮጅን ተቀጣጣይ ነው።

ነባር መምህር፣ ባሕር ዳር

የሐዋሳዋ መምህርት ስለ ፊኛ ያነሡት ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ያልተነፋ ፊኛ ወይም ወፍራም ላስቲክ በፍጥነት ለጥጠው ወዲያው ከንፈርዎን ቢያስነኩት ይሞቃል፤ እንደተለጠጠ ጥቂት ይዘው ቆይተው ሲለቁት ደግሞ ይቀዘቅዛል። እንግሊዛዊው ጆን ጎፍ ይህን እ.ኤ.አ. በ1805 ዘግቦታል። ረጃጅሞቹ የጎማ ሞለኪውሎች ሲለጠጡ በሥርዓት ይሰለፋሉ፣ ሲለቀቁ ወደ ተጠላለፈው መልካቸው ይመለሳሉ። ይህን የሥርዓትና የመጠላለፍ ልዩነት የሚለካውን ኢንትሮፒን ለ9ኛ ክፍል አላነሣም፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ግን እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ከንፈር የሚያደርገው ሙከራ ስለሆነ በ60 ልጆች ክፍል ውስጥ ወረፋ የማይጠይቅ ብቸኛው ነገር ነው።

መምህር ከደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት የዘገየሁት ያላችሁኝን ሳልሞክር መመለስ ስላልፈለግሁ ነው።

ትምህርቱን ከመጀመሪያው ደገምኩት። ግምታቸውን በደብተር አስጻፍኩ፤ ከዚያም መቀያየሩን ሠራን። ከበረዶው ወደ ሙቁ ውሃ የተሻገረው አምባር ሲበራ ጭብጨባ አልነበረም፤ ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ቀጥሎም ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ “ስለዚህ አልጠፋም ነበር!” አለ። ያልታጠፈውን አምባር ወደ ሙቁ ውሃ ከማስገባቴ በፊት ሙቀት ወደ ብርሃን ይለወጣል ብላ የጻፈችውን ተማሪ ወደ ፊት ጠርቼ ራሷ እንድታስገባው አደረግሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል አተኩራ አየችው። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት አወጣችው፣ አጠፈችው፣ ሲበራም መልሳ አስገባችው። በደብተሯ የቀድሞ መልሷን ሰርዛ የጻፈችው “ውሃው ያፈጥነዋል እንጂ አያበራውም” የሚል ነበር።

ስለ በረዶ ችግር የሚያስቡ ባልደረቦች ካሉ፣ እኛ ዘንድ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ የበራ አምባር ውጭ አሳድረን ጠዋት ወደ ክፍል አስገባነው፤ ደብዝዞ ነበር፣ በእጃችን ስናሞቀው ግን ብርሃኑ ጨመረ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር ውሃችን የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩን ያነበበው ተማሪ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር፤ ያም ሌላ የአንድ ቀን ትምህርት ሆነልን።

ቆርኪውን በሚቀጥለው ወር ለ10ኛ ክፍል እጀምረዋለሁ። አሁን ያስቸገረኝ የልጆቹ አዲስ ጥያቄ ነው። በካርቶኑ ውስጥ የሙቁንና የተራውን ውሃ አምባር ብርሃን በየ10 ደቂቃው ለክተው ግራፉን በካሬ ወረቀት ላይ ሣሉት፤ ከዚያም ከመስመሩ በታች ያሉትን ካሬዎች ብንቆጥር የሁለቱ ድምር እኩል መሆን የለበትም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምን ልመልስላቸው?

ኬሚስት ከሜሪላንድ

ይህን የጠየቁት ተማሪዎች ከሆኑ ሥራዎ ፍሬ አፍርቷል፣ መምህር። ካሬዎቹ የወጣውን ብርሃን ጠቅላላ ድምር ስለሚያሳዩ፣ ሙቀቱ የለወጠው ፍጥነቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኩል በሆኑ ነበር። ነገር ግን ኃይል ያዘለው ንጥረ ነገር ሁሉ ብርሃን አይሰጥም፤ ከፊሉ ኃይሉን በሙቀት መልክ ያባክነዋል፣ የሚባክነው ድርሻም ከሙቀት መጠን ጋር ሊለወጥ ይችላል። በዚያ ላይ አምባሮቹ ሲሠሩ የገባባቸው ፈሳሽ ፍጹም እኩል አይደለም፣ የስልኩ መለኪያም በጣም ደካማ ብርሃንን በትክክል አያነብም። ስለዚህ በአንድ ጥንድ ብቻ አይፍረዱ፤ ቢያንስ አምስት ጥንድ ከአንድ ማሸጊያ ወስደው ይድገሙት፣ ውሃውም በየ10 ደቂቃው ሙቀቱ ይለካ፣ ሲቀዘቅዝ ይቀየር። ሰንጠረዡ ሲያልቅ እዚሁ ይለጥፉልን፤ እኔም በዚህ ወገን ካሉት የቅዳሜ ተማሪዎቼ ጋር ያንኑ ሙከራ ሠርቼ ከጎኑ አስቀምጣለሁ።